ኦልድ ራግን በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ፣ ከቲኬቱ እስከ ድንጋዩ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆናችሁ ሃይኪንግ የጀመራችሁ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ ስለ ኦልድ ራግ ስለሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ የማውቀውን ሁሉ ልጽፍላችሁ ነው። አምስት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። የመጀመሪያውን በጣም ተሳስቼ ነው የወጣሁት፣ እሱንም እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዛው ስህተት ላይ ሲወድቅ አያለሁ።

ለማያውቀው ሰው፣ ኦልድ ራግ ሼናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ውስጥ ቨርጂኒያ ማዲሰን ካውንቲ ያለ ተራራ ነው፣ ከዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ዙሪያውን ዞሮ መመለሻው 9.4 ማይል ነው፣ በኛ 15 ኪሎሜትር፣ አቀበቱ ሲደመር ከ700 ሜትር ያልፋል። ሰው የሚፈራው ግን ርዝመቱን አይደለም። ወደ ላይ ስትጠጉ መንገዱ መንገድ መሆኑ ያበቃና ድንጋይ ብቻ ይሆናል፣ ወደ አንድ ማይል የሚጠጋውን በእጅ በእግር እየቧጠጣችሁ፣ ስንጥቅ ውስጥ እየገባችሁ፣ ከአለት አለት እየተሻገራችሁ ነው የምትሄዱት። ገመድ አያስፈልግም፣ ሙያተኛ መሆንም አያስፈልግም፣ ግን ዝግጅት ያስፈልጋል።

እኛ ሐበሾች ተራራ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ላይ ተቀምጣ፣ እንጦጦ ከ3,000 አልፎ፣ የኦልድ ራግ ጫፍ 1,000 ሜትር ገደማ ነው ሲባል ድሬዳዋ እንኳ ትበልጠዋለች ብለን እንንቀዋለን። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በመጣ በሁለተኛው ወር አብሮን ወጣ፣ «እኔ እንጦጦ እየሮጥኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ» ብሎ ነጭ ስኒከሩን አድርጎ። እውነቱን ነው፣ ጫካውን ሁላችንንም ጥሎ ነው የወጣው፣ ትንፋሹ ቁና ቁና አላለም። ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ግን የስኒከሩ ሶል እንደ ሳሙና ተንሸራተተበት፣ አንድ ዘንበል ያለ አለት ላይ መውጣትም መመለስም አቅቶት እግሩ እየተንቀጠቀጠ ሃያ ደቂቃ ቆመ፣ ሌሎች ሃይከሮች ከላይ እጁን ይዘው ከታች እግሩን ደግፈው ነው ያሳለፉት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ይሄን ያዙ፣ ኦልድ ራግ የሚፈትነው ሳንባ አይደለም። ጫማችሁን፣ እርጋታችሁንና ሰዓታችሁን ነው የሚፈትነው።

ቲኬቱ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከ2022 ጀምሮ ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ኦልድ ራግ ለመውጣት ቀድሞ የተገዛ የቀን ቲኬት ያስፈልጋል፣ በሰው 2 ዶላር ነው፣ የሚገዛው ሪክሪየሽን ዶት ጎቭ ላይ ነው፣ እዛ ደርሼ እገዛለሁ ማለት አይሰራም። በሁለት ዙር ነው የሚለቁት፣ ግማሹን ከ30 ቀን በፊት፣ ቀሪውን ከ5 ቀን በፊት፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ካመለጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ይሄ 2 ዶላር የፓርኩን መግቢያ አይጨምርም፣ መግቢያው ለብቻው ነው፣ በመኪና 30 ዶላር፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። ዓመታዊ ፓስ ያለው ጓደኛ ካላችሁ በሱ መኪና ሂዱ። ህጉ አንዳንዴ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ሳይቱን አንዴ እዩት። ቲኬቱን ደግሞ ቤት እያላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት ወይ ስክሪንሾት አንሱት፣ ምክንያቱም ፓርኪንጉ ጋ ኔትወርክ የለም ብትሉ ይቀላል፣ በር ላይ ቆሞ ኢሜይል ሎድ እስኪያደርግ የሚጠብቅ ሰው ሁሌ አይጠፋም።

ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ኦልድ ራግ ላይ አይፈቀድም፣ ይመልሷችኋል።

አነዳዱ ላይም ጥንቃቄ አለ። ጉግል ማፕ ላይ ሼናንዶዋ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ከነዳችሁ ስካይላይን ድራይቭ መግቢያ ይወስዳችኋል፣ እሱ የተራራው ሌላ ወገን ነው፣ እዛ ከገባችሁ ቀኑ ተበላ ማለት ነው። የምትፈልጉት ኔዘርስ የሚባለው መንደር በኩል ያለውን የኦልድ ራግ ፓርኪንግ ነው። ከዲሲ በሀይዌይ 66 ወደ ምዕራብ፣ ጌንስቪል ጋ ወጥታችሁ በ29 ወደ ዋረንተን፣ ከዛ በ211 እስከ ስፔሪቪል፣ ከስፔሪቪል በ522 ትንሽ ወርዳችሁ በ231 ወደ ደቡብ፣ ከዛ በስተቀኝ ወደ ኔዘርስ የሚያስገባው ጠባብ የገጠር መንገድ ነው። ነዳጅና ሽንት ቤት ዋረንተን ላይ ጨርሱ። ማፑን ኦፍላይን አውርዱት፣ መመለሻውም ላይ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። የመጀመሪያ ጊዜ የሄድን እለት፣ አንዱን ከአሌክሳንድሪያ አንዱን ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንሰበስብ፣ ቡና ይጠጣ ስንል፣ መንገድ ላይ ቁርስ ስንበላ፣ መውጣት የጀመርነው ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ነው፣ በፈረንጁ 11 ተኩል። ኦክቶበር መጨረሻ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሰልፍ ገጠመን፣ አናቱ ላይ ፎቶ ስናነሳ ቆየን፣ መውረድ ስንጀምር ጸሐይ ዘቅዝቃለች፣ ጫካው ውስጥ ሳለን ጨለመ። ስድስት ሰው ሆነን የሚሰራ ስልክ ሁለት ብቻ ነበር፣ በስልክ መብራት አንድ ሰዓት ተኩል ሄድን፣ አንዷ ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት በሁለት ሰው ትከሻ ነው የወረደችው። ማንም ምንም አልሆነም ተመስገን፣ ግን የዛን ቀን ያስተማረኝን እስካሁን አልረሳሁትም። አሁን የኔ ህግ ቀላል ነው፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በፈረንጁ 7 ሰዓት ላይ መገኘት። ጠቅላላ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ አስቡ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ከሆናችሁና ብዙ ከሆናችሁ 9ም ሊሆን ይችላል። ኖቬምበር ላይ ሰዓት ከተቀየረ በኋላ ደግሞ በፈረንጁ 5 ሰዓት አካባቢ ጸሐይ ትጠልቃለች፣ ያኔ አርፍዶ መጀመር የሚባል ነገር አይታሰብም።

ቅዳሜና እሁድ በተለይ ኦክቶበር አጋማሽ ቅጠሉ ሲቀላ ሰው እንደ ጥምቀት ነው። ጠባብ ቦታዎቹ ላይ አንድ አንድ ሰው ነው የሚያልፈው፣ ሰላሳ አርባ ደቂቃ ተራ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። ኡበር የምትነዱ፣ ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም በሺፍት የምትሰሩ ልጆች እዚህ ላይ እድለኞች ናችሁ፣ ማክሰኞ ወይ ሐሙስ ኦፍ ካላችሁ በዛን ቀን ሂዱ፣ ተራራው የናንተ ነው። ረቡዕና ዓርብን ያላነሳሁት ከጾም የተነሳ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የሚጾሙ ሰዎች አብረውን ወጥተው ያውቃሉ፣ ሁዳዴ ላይም ጠይቀውኛል፣ እኔ የምመክረው ቀኑን መቀየር ነው፣ ረመዳንም ላይ እንደዛው። ውሃ ሳይጠጡ ድንጋይ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ የሚሄደው ባላንስ ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ደግሞ ባላንስ ሁሉ ነገር ነው። ተራራው የትም አይሄድም፣ ከፋሲካ በኋላ ኤፕሪልና ሜይ ላይ እንደውም በጣም ያምራል።

ጫማ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ሶሉ ላይ ጥርስ ያለውና ላስቲኩ ለስላሳ ሆኖ ድንጋይ የሚይዝ የሃይኪንግ ጫማ ወይ የትሬይል ሩጫ ጫማ መሆን አለበት። የጂም ስኒከር፣ ኮንቨርስ፣ ሶሉ ያለቀ የድሮ ጫማ አይሆንም። አዲስ ከሆነም ሳጥኑ ውስጥ አውጥታችሁ የዛኑ ቀን አታድርጉት፣ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ተራመዱበት፣ አለበለዚያ ተረከዛችሁ ይላጣል። ካልሲ የጥጥ አይሁን፣ ላብ ይይዛል። ጂንስም ይቅር፣ ጉልበት ደረት ድረስ የሚያስነሳ ቦታ ስላለ የሚለጠጥ ሱሪ ነው የሚያስፈልገው፣ ረጅም ቢሆን ይሻላል፣ ድንጋዩ ሻካራ ስለሆነ ቁምጣ የለበሰ ሰው ጉልበቱ ተልጦ ነው የሚመለሰው። ጓንት ብዙ ሰው ይረሳል። መዳፉ ላይ ላስቲክ የተቀባ የጓሮ ስራ ጓንት፣ ሆም ዲፖ በጥቂት ዶላር የሚገኘው፣ እሱ በቂ ነው፣ መዳፋችሁን ያድናል።

ቦርሳችሁ ትንሽና ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ይሁን። ትልቅ ቦርሳ ስንጥቁ ውስጥ ይይዛችኋል፣ ውጭው ላይ ውሃ መያዣና ጃኬት ካንጠለጠላችሁማ በቃ እየጎተተ ወደ ኋላ ይጥላችኋል። ሁሉም ነገር ውስጥ ይግባ። የእግር ዱላ የምትይዙ የሚታጠፈውን ያዙ፣ ድንጋዩ ላይ ስትደርሱ አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ለጉልበት ባለውለታ ነው። የግንባር ባትሪ በየሰዉ አንድ አንድ፣ ቀን ነው የምንመለሰው ብትሉም። ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ቀላል የዝናብ ጃኬት። የብርዱ ወቅት ባይሆንም አናቱ ላይ ነፋስ አለ፣ ላባችሁ ደርቆ ትበርዳላችሁ።

ውሃ በሰው 3 ሊትር። ይሄ ማጋነን አይደለም፣ ጁላይና ኦገስት ላይ እሱም ያልቃል። ሁለት ሊትሩን በፕላስቲክ ከረጢትና ቱቦ የሚጠጣበት ከያዛችሁት ሳትቆሙ ትጠጣላችሁ። ምግብ ላይ ግን እኛን የሚያክል የለም። ፈረንጆቹ የሚገዙት ኢነርጂ ባር ምናምን ምንም አይደለም፣ ቆሎ አለን፣ ዳቦ ቆሎ አለን፣ ጭኮ አለን። እኔ ሁሌ የምይዘው የገብስ ቆሎ ከሱፍና ኦቾሎኒ ጋር ተቀላቅሎ በዚፕሎክ፣ አንድ ቁራጭ ጭኮ፣ ሁለት ሙዝ፣ እንቁላል በዳቦ። በሶ በማር በጥብጣችሁ በትንሽ ጠርሙስ ከያዛችሁ አናቱ ላይ ስትጠጡት ጉልበት ሲመለስ ይታወቃችኋል። አንዴ አንድ ጓደኛችን ፍርፍር በምሳ እቃ ይዞ ወጣ፣ አናቱ ላይ ከፍቶ ሁላችንንም ሲያጎርሰን እንዴት እንደጣፈጠን ልነግራችሁ አልችልም፣ ግን ጠባቡ ላይ ቦርሳው ውስጥ ተገልብጦ ጃኬቱ ሁሉ ዘይት ሆኖ ነበር፣ ክዳኑ የሚጠብቅ እቃ ይሁን።

አቅጣጫው አንድ ነው፣ ሪጅ ትሬይል በሚባለው የእግር መንገድ ወጥታችሁ ሳድል ትሬይል በሚባለው ትወርዳላችሁ፣ እንደ ሰዓት ዘንግ አዟዟር። ድንጋዩን መውጣት ከመውረድ በጣም ይቀላል፣ በዛ ላይ ሁሉም ሰው በዛ አቅጣጫ ስለሚመጣ በተቃራኒ ከመጣችሁ ጠባቡ ላይ ፊት ለፊት ትጋጫላችሁ። ምልክቱ ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባ ሰማያዊ ቀለም ነው፣ መጋጠሚያዎች ላይ ደግሞ ብረት ቀለበት የታሰረበት የኮንክሪት ምሰሶ አለ፣ ቀለበቱ ላይ የመንገዱ ስምና ርቀቱ ተጽፏል፣ ቆም ብላችሁ አንብቡት።

የጫካው አቀበት እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለም፣ ቀስ በሉ ብቻ። እዚህ ላይ ጉልበታችሁን ከጨረሳችሁ ለድንጋዩ ምንም አይተርፋችሁም። ማውራት እየቻላችሁ ከሆነ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ቀስ የሚለውን ሰው ኋላ አታስቀምጡት፣ ፊት አድርጉት፣ ኋላ የቀረ ሰው እናንተ አርፋችሁ ስትነሱ እሱ ገና እየደረሰ ነው፣ ሳያርፍ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል።

ከጫካው ስትወጡ የመጀመሪያው ሰፊ ገላጣ አለት ይመጣል፣ ሸለቆው ይታያል፣ ሁሉም እዚህ ፎቶ ያነሳል። እኔ ይሄን ቦታ የውሳኔ ቦታ ነው የምለው። ቁጭ በሉ፣ ብሉ፣ ውሃችሁን ቁጠሩ፣ ሰማዩን እዩ። ግማሽ ውሃ ካለቀባችሁ፣ ሰዓቱ ከሄደ፣ ደመና ከጠቆረ፣ አንድ ሰው እግሩ ወይ ሆዱ ደህና ካልሆነ መመለሻው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ከመቀጠል ይከብዳል። ድንጋዩ ከረጠበ አትግቡበት፣ ትንሽ ነው የምትሉት ጤዛና እርጥብ ቅጠል እንኳ በጣም ያንሸራትታል። በፈረንጁ በጋ፣ ሰመር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፣ ያ ጫፍ ደግሞ ራቁቱን የቆመ አለት ነው፣ መሸሸጊያ የለም። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ስንጥቁ ውስጥ በረዶ ይቋጥራል፣ ጸሐይ ስለማያገኘው ቀናት ይቆያል።

ከዚያ ድንጋዩ ይጀምራል። አንድ ህግ ጭንቅላታችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር አራት ናቸው፣ ከአራቱ ሁሌ ሶስቱ ድንጋይ ይያዙ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። ቀኝ እጅ ሲፈልግ ግራ እጅና ሁለቱ እግሮች አይነቃነቁም። ይሄን ካደረጋችሁ ፍርሃቱ ራሱ ግማሹ ይቀንሳል። ክብደታችሁን በእግራችሁ ግፉ፣ በእጅ አትንጠልጠሉ፣ ክንድ ቶሎ ይደክማል፣ ጭን ግን ቀኑን ሙሉ ይሰራል። በጉልበታችሁ ድንጋይ ላይ አትውጡ፣ ጉልበት አይይዝም፣ ይላጣልም፣ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ በጫማ ርገጡ። እጃችሁን የማታዩት ስንጥቅ ውስጥ አታስገቡ፣ ራትልስኔክና ኮፐርሄድ የሚባሉ መርዛም እባቦች አሉ፣ ሞቃት ቀን ላይ ድንጋይ ላይ ጸሐይ ይሞቃሉ። ካያችሁ ቆማችሁ ቦታ ስጧቸው፣ እነሱም መሄድ ነው የሚፈልጉት።

መጀመሪያ አካባቢ ወደ ስንጥቅ ውስጥ የሚያስወርድ ቦታ አለ፣ ብዙ ሰው እዚህ ይደነግጣል። ከላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ እግር የሚያርፍበት አይታይም። መዝለል የለም። ቦርሳችሁን አውልቃችሁ ታች ላለው ሰው አቀብሉ፣ ጠርዙ ላይ ቁጭ በሉ፣ ፊታችሁን ወደ ድንጋዩ አዙራችሁ በሆዳችሁ ቀስ እያላችሁ ተንሸራተቱ፣ አንድ እግር በአንዱ ግድግዳ አንዱን በሌላው ግድግዳ ግፉ፣ ሁለት ግድግዳ መካከል ስለሆናችሁ ጀርባችሁም ያግዛል። ታች ያለው ሰው «ግራ እግርህን ትንሽ ዝቅ፣ አዎ እሱ ጋ» እያለ ይምራ። በመቀመጫ መንሸራተት እዚህ ነውር አይደለም፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ቀጥሎ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የግራናይት ግድግዳዎች መሃል እንደ ደረጃ የሚያስወጣ ጠባብ ኮሪደር ታገኛላችሁ፣ ከላዩ ትልቅ ቋጥኝ ተሰንቅሮ በስሩ ነው የሚታለፈው። እዚህ ጋ እኔ ሁሌ ግድግዳውን በእጄ ዳሰስ አደርጋለሁ። ይሄ ግራናይት ወደ አንድ ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ እድሜ አለው። ደረጃው ደግሞ ሰው ያነጠፈው አይደለም፣ ግራናይቱ ተሰንጥቆ በስንጥቁ ውስጥ ቅልጥ አለት ገብቶ ባዛልት ሆነ፣ ባዛልቱ ከግራናይቱ ቶሎ ስለሚሸረሸር በብዙ ዘመን እየተበላ ይሄን መተላለፊያ ተወው። ጥቁሩን ድንጋይ እግራችሁ ስር፣ ነጣ ያለውን በግራና በቀኝ ታዩታላችሁ፣ ቆም ብላችሁ እዩት።

ዋሻ የሚመስል መሹለኪያ አለ፣ ዝቅ ብላችሁ፣ ቦርሳ ፊት እየገፋችሁ ታልፋላችሁ። ከፍ ያለና እጅ የሚይዘው የማይገኝበት ቋጥኝም አለ፣ እዚህ አንድ ጠንካራ ሰው መጀመሪያ ይውጣና ከላይ ይሳብ፣ ከታች አንዱ መዳፉን አቆላልፎ እንደ እርካብ ይያዝ። የማታውቁት ሰው እጁን ሲዘረጋላችሁ ያዙት፣ እናንተም ለሚቀጥለው ዘርጉ፣ እዛ ተራራ ላይ ባህሉ እንደዛ ነው። ሲሳቡ በጣት አትያያዙ፣ የእጅ አንጓ በእጅ አንጓ ነው። ከኋላችሁ ፈጣን ሰው ከመጣ ሰፊ ቦታ ላይ አሳልፉት፣ አትቸኩሉ፣ ከኋላ ሰው ቆሟል ብሎ መቸኮል ነው ብዙ ሰው የሚጥለው።

ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ካለ አትሳቁበት፣ «ምንም የለውም» እያላችሁም አትጎትቱት። ከፊቱ አንድ ከኋላው አንድ ሁኑ፣ የሚቀጥለውን አንድ እርምጃ ብቻ ንገሩት። አንዴ እንዲህ አድርገን ያሳለፍናት ልጅ አናቱ ላይ ስትደርስ እያለቀሰች እናቷ ጋ ደወለች፣ አዲስ አበባ ሌሊት ነበር፣ እናት ደንግጠው ነው ያነሱት፣ ምን እንደሆነ ሲገባቸው ግን እልል አሉ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ አናት የሚመስል ቦታ ደጋግሞ ያታልላችኋል። ደረስን ስትሉ ከፊት ሌላ ጉብታ ይነሳል። ስለዚህ ውሃና ጭኮውን የመጀመሪያው ጉብታ ላይ አትጨርሱት። እውነተኛው አናት ላይ ትልልቅ ድቡልቡል ቋጥኞች ተቆልለው ታገኛላችሁ፣ አንዳንዶቹ ላይ ዝናብ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ አለ፣ የብሉ ሪጅ ተራሮች ተዘርግተው ይታያሉ። እዚህ ግማሽ ሰዓት በደንብ እረፉ፣ ካልሲ አውልቁ፣ እግር ይንፈስ፣ የሚያቃጥል ቦታ ካለ ሳይቆስል ፕላስተር አድርጉበት። ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ጠርዝ ላይ አትሂዱ። የሙዝና የብርቱካን ልጣጭም ይዛችሁ ውረዱ።

ሳድል ትሬይል ሲጀምር ትንሽ ድንጋያማ ነው፣ ጉልበት የሚያልቀውም ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው፣ ድንጋዩ አልቋል ብሎ ስለሚዘናጋ። አጭር አጭር እርምጃ፣ ጉልበት ትንሽ አጠፍ። በርድስ ኔስት የሚባል የድንጋይ መጠለያ ታገኛላችሁ፣ ዝቅ ብሎ ሌላም አለ፣ ሁለቱም ለቀን ማረፊያ እንጂ ለማደሪያ አይደሉም። ከዛ ዊክሊ ሆሎው የሚባለው ሰፊ የጠጠር መንገድ ይመጣል፣ ረጅም ነው፣ ሜዳ ስለሆነ ይሰለቻል፣ ጎኑ ላይ ግን ብሮክንባክ ረን የሚባል ወንዝ ይወርዳል፣ እግር መንከር ነው። ይሄ ሸለቆ ባዶ አልነበረም፣ ኦልድ ራግ የሚባል መንደር ነበረ፣ ፖስታ ቤትና ትምህርት ቤት ያለው፣ ፓርኩ በ1935 ሲመሰረት ከነዚህ ተራሮች ላይ ሰው ከቤቱ እንዲነሳ ተደርጓል። እዚህ ስሄድ ሁሌ እነዛን ሰዎች አስባለሁ፣ ከቀዬ መነሳት ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ድንጋዩ አይሆንልኝም የምትሉ፣ ወይ እናት አባታችሁ ለጉብኝት መጥተው ማሳየት የምትፈልጉ፣ በሳድል ትሬይል ወጥታችሁ በዛው መመለስ ትችላላችሁ፣ አናቱ ያው ነው፣ ቧጥጦ መውጣት የለበትም። በሪ ሆሎው በሚባለው ፓርኪንግ በኩል ከሆነ መንገዱ በጣም ያጥራል፣ ቲኬቱ ግን ያው ያስፈልጋል። እዚህ ሳትመጡ ራሳችሁን መሞከር ከፈለጋችሁ ደግሞ ሜሪላንድ ግሬት ፎልስ ጋ ያለውን ቢሊ ጎት ትሬይል ሴክሽን ኤ ውጡ፣ የፍየል መንገድ ነው ስሙም፣ ከ3 ኪሎሜትር ያንሳል፣ ፖቶማክን እያያችሁ አለት ለአለት ነው፣ 15 ሜትር የሚያህል ቋጥኝ የምትወጡበት ቦታ አለው። እሱን ሁለት ጊዜ ሄዳችሁ ደስ ካላችሁ ለኦልድ ራግ ደርሳችኋል።

አደጋ ከደረሰ ኔትወርክ አናቱና ሸንተረሩ ላይ አንዳንዴ ይይዛል፣ የፓርኩ የድንገተኛ ቁጥር 1-800-732-0911 ነው፣ አሁኑኑ ሴቭ አድርጉት። ከቅርብ ያያችሁትን የመንገድ ምሰሶ ንገሯቸው፣ የተጎዳውን ሰው አልብሱት፣ እንዳይበርደው፣ ብቻውን አትተዉት። እርዳታ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችል እወቁ፣ በእግር ነው የሚመጡት። ከመሄዳችሁ በፊትም ቤት ላለ ሰው የት እንደምትሄዱና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወላችሁ እንዲደውል ንገሩት።

መኪናው ጋ ስትደርሱ ሳትገቡ በፊት መዥገር ፈልጉ፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ወገብ ላይ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ጸጉር ውስጥ፣ ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ልጆቹን መጀመሪያ። ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች፣ ከተገኘች በትዊዘር ከቆዳው ጥግ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቧት። የሚነዳው ሰው ሩብ ሰዓት አይኑን ይክደን፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲቧጥጥ የዋለ ሰው ነው ሁለት ሰዓት የሚነዳው፣ ቴርሞስ ውስጥ ቡና መኪና ውስጥ ጠብቆት ቢገኝ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነው። ነጠላ ጫማም መኪና ውስጥ ተዉ፣ ያን ጫማ ስታወልቁ ትመርቁኛላችሁ።